ሰሌዳውን ከቡፌው ላይ አውርጂው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። በተወለደ በሦስተኛው ቀን መላ ሰውነቱ ቢጫ ሆነ፤ ሆስፒታል ሰነበተ። በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ አንጎሉ በመጎዳቱ ሰውነቱ በደንብ አይታዘዝለትም ተባልኩ። አይሄድም። ቀኝ እጁን እንደምንም ያዝዛል። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ አባቱ ደጅ ላይ ባጃጁን ሲያጠፋ ድምፁን ለይቶ ይስቃል። ከአፉ የሚወጣው ግን «እማ» ብቻ ነው። አምና አዲስ አበባ ወስደነው አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሥዕል ሰሌዳ ሠርታ ሰጠችን። ሃያ አራት ሥዕል አለው። መጀመሪያ ሰሞን ውሃና ዳቦ ያሳይ ነበር። አሁን ፊቱን ያዞራል። አማቴ «ሥዕል ካስለመዳችሁት አፉን ሳይፈታ ይቀራል» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ካልጠየቀሽ ውሃ አትስጪው፣ ሲጠማው ይናገራል» ይለኛል። ዱባይ ያለችው እህቴ ታብሌት ልላክ ትላለች። ሰሌዳው እንዳይቆሽሽ ቡፌ ላይ አድርጌዋለሁ። ልተወው? ወይስ ታብሌቱን ልጠብቅ?»

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። «እንዳይቆሽሽ ቡፌ ላይ አድርጌዋለሁ» ያልሽው ላይ። ዛሬውኑ አውርጂው። ይቆሽሽ። ወጥ ይንካው፣ ቡና ይፍሰስበት። ሰሌዳው የልጅሽ ምላስ ነው፤ ምላስ ደግሞ ከባለቤቱ ርቆ አይቀመጥም። ሲበላ አጠገቡ፣ ሲተኛ ራስጌው፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ ይሁን። ሲቀደድ ሌላ ይታተማል። ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ብታስደርጊው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

አማትሽን አትቆጪያቸው። ስጋታቸው ከፍቅር ነው። እኔ ደሴ ውስጥ መናገር ከሚቸግራቸው ልጆች ጋር ስሠራ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ቤተሰብ የለም ማለት እችላለሁ። ጥያቄው በዓለም ላይም ሲጠየቅ የኖረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ማስረጃቸው ጠንካራ ሆኖ ከተገኘው 27 ሰዎች መካከል ሰሌዳ፣ ምልክት ወይም መሣሪያ በመጠቀሙ ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አልነበረም። 89 በመቶዎቹ ንግግራቸው ጨመረ። የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ልንገርሽ፣ ጭማሪው በብዙዎቹ ላይ መጠነኛ ነው። ሰሌዳ ተአምር አይሠራም። አፍ አይዘጋም፤ አማትሽ የሚፈሩት ይህንን ስለሆነ ይህንን ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሺያቸው። እሳቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእጅ እያሳዩ ነው። ሕፃን ቃል ከማውጣቱ በፊት በጣቱ ይጠቁማል። እጁን እያወዛወዘ «ቻው» ይላል። ለመታቀፍ ሁለት እጁን ይዘረጋል። በዚህ ምክንያት አፉን ሳይፈታ የቀረ ልጅ አላዩም። ሰሌዳውም የዚያው መንገድ ተከታይ ነው።

ሌላም ስጋት አለኝ። በእኛ አካባቢ ልጅ ሳይናገር ሲቀር «እንጥሉን አስቆርጪው» የሚል ሰው አይጠፋም። «ምላሱ ታስሮ ነው» የሚልም ይመጣል። እባክሽ እንዳትሰሚያቸው። የልጅሽ ችግር እንጥል ላይ የለም። ለመናገር ትንፋሽ፣ ጉሮሮ፣ ምላስና ከንፈር በአንድ ላይ መታዘዝ አለባቸው። አዛዡ አንጎል ነው። የልጅሽ አንጎል ሐሳቡን ያዘጋጃል፤ ትእዛዙ ጡንቻዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ይዛባል። የእንጥል መቆረጥ ለዚህ የሚያመጣው የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ብቻ ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ፈርጠም ብዬ ልናገር። ውሃ አይከልከል። አንድም ቀን። ጥማት የማይታዘዝ ጡንቻን አያዝዝም። እንዲህ ያሉ ልጆች በዚያ ላይ ሆድ ድርቀት ያጠቃቸዋል፤ ውሃ ሲያንሳቸው ይብስባቸዋል። ለባለቤትሽ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ። የአባቱን ባጃጅ በድምፁ ለይቶ የሚስቅ ልጅ ከአባቱ ጋር ማውራት እንደሚፈልግ አትጠራጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምን ተወው?

እስቲ አስቢው። ማንኛውም ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ዓመት ያህል ሲያወሩለት ይሰማል። «ና ጡት ጥባ»፣ «አባ መጣ»፣ «እሰይ የኔ ጌታ» ሲባል ይከርማል። ማንም «አሁን በል» ብሎ አያስገድደውም። ልጅሽ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰማው የአፍ አማርኛ ነው። በሰሌዳ የሚያወራ ሰው ግን አንድም አላየም። ሰሌዳውን ሰጣችሁትና «በል አሳየን» አላችሁት። ቤት ውስጥ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ እሱ ብቻ እንዲናገር ተጠየቀ። ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በሰሌዳው የምታወሪው አንቺ ነሽ። እንደ ወትሮሽ በአፍሽ እያወራሽ፣ ከዓረፍተ ነገሩ አንድ ወይም ሁለት ቃል ሰሌዳው ላይ በጣትሽ ንኪ። «ሽሮው ገና ነው፣ ቆይ» ስትዪ «ቆይ» የሚለውን ንኪ። «አባ የት ሄደ?» ስትዪ «የት» የሚለውን። «ኡፍ፣ ደከመኝ» ስትዪ «ደከመኝ» የሚለውን። እያንዳንዱን ቃል መንካት የለብሽም። እሱም እንዲደግም አትጠይቂው። ይይ ብቻ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። አንድ ቀን እጁ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል። ያሳየው ነገር የተሳሳተ ቢመስልሽም ትርጉም ስጪው። «ላም» ላይ ቢያርፍ «ላም አልከኝ? ወተት ፈልገህ ነው?» በዪው። የሕፃን «ባ»ን «አባቴን ነው የምትለው» ብለን የምንቀበለው እኮ እንዲሁ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ፈተና አይሁንበት። «ውሻ የቱ ነው? ሙዝ የቱ ነው? አሳያቸው» ማለት ወሬ አይባልም። አንቺን ሰው ሁሉ ሲያገኝሽ «ቡፌ የቱ ነው?» እያለ ቢጠይቅሽ ታመርሪ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ቃላቱ ናቸው። ሰሌዳውን አላየሁትም፤ ግን ከሃያ አራቱ ሥዕል አብዛኛው የምግብ፣ የእንስሳና የዕቃ ስም ይመስለኛል። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙ ሳትርቅ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በአርባ ሥዕል ያማረ ሰሌዳ ሠራሁላት። ሙዝ፣ መኪና፣ በግ፣ ኳስ። ሦስት ወር አልነካችውም። ልጅቷ ገና አልደረሰችም ብዬ ደመደምኩ፤ ለእናቷም እንዲያው ነገርኳት። አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ ሰሌዳው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ እጅ አየሁ። መዳፉን ወደ ፊት የዘረጋ እጅ። ታላቅ እህቷ ናት የሣለችው። ሥሩ «ተዉኝ» ይላል። እናቷ ፀጉሯን ልትሠራት ማበጠሪያ ይዛ ስትጠጋ ልጅቷ ጭብጧን ከአየር ላይ እንደ መዶሻ ጣለችና «ተዉኝ» ላይ አሳረፈችው። እናቷ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ልጅቷ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ነካችው። ያን ቀን ከሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በወሩ ሌሎቹን ሥዕሎች ትነካ ጀመር። አልደረሰችም ማለቴ ስሕተት ነበር። ልትለው የፈለገችውን ያልሰጠኋት እኔ ነኝ። እናቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አንቺም ልጅሽ በቀን ውስጥ ማለት የሚፈልገውን አስቢ። «እምቢ» መጀመሪያ ይግባ። «በቃ»፣ «ድገሚ»፣ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ቆይ»፣ «አመመኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «የት»፣ «ማን»፣ «እኔ ነኝ»፣ «አስቂኝ ነው»። ሰው በቀን የሚናገረው አብዛኛው ነገር እንዲህ ባሉ ጥቂት መቶ ቃላት የሚዞር ነው። ሙዝ የሚለውን ቃል ስንቴ ትዪዋለሽ? «እምቢ» እና «በቃ»ንስ? አንድ ሌላ ካሬ ደግሞ አስገቢ፦ «የምፈልገው እዚህ የለም» የሚል። ይህች ካሬ ብዙ ለቅሶ ታስቀራለች። ልጁ ሲነካት ወደ ጓዳ፣ ወደ ደጅ፣ ወደ አልጋው ይዘሽው እየዞርሽ ትፈልጊያለሽ።

«አልሐምዱሊላህ» የሚልም ይኑር። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ታውቂዋለሽ። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? እንዴት ሰነበትክ?» እያሉ ሁሉንም ይጨብጣሉ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ጭንቅላቱን ዳብሰው ወደ አንቺ ይዞራሉ። «ደህና ነው?» ብለው አንቺን ይጠይቃሉ። አንቺ አትመልሺ። ወደ ሰሌዳው አመልክቺና ጠብቂ። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አሥር ሲቆጥሩት ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ለእሱ እጅ ግን ገና መነሻ ነው።

ስለ ሰዋስው አትጨነቂ። ሰሌዳው ላይ «ና» የሚል አንድ ሥዕል ይበቃል። ወደ አንቺ እያየ ቢነካው «ነይ አልከኝ? መጣሁ» በዪው። ለአያቱ ከሆነ «እማማን ይምጡ እያልካቸው ነው» በዪ። የአማርኛን ግስ ከነመዓርጉ የሚሰማው ከአንቺ አፍ ነው።

ቃል ስትጨምሪ የቀድሞዎቹን ቦታ አትቀይሪ። እጁ ቦታውን ይለምዳል፤ አንቺ ማታ በጨለማ የቤትሽን መብራት ማብሪያ ሳታዪ እንደምታገኚው። ዛሬ ቀኝ ጥግ የነበረውን «እምቢ» ነገ መሐል ብታደርጊበት እንደ አዲስ ይጀምራል። ካሬዎቹ ካነሱበት ገጹን ለሁለት ክፈይና አስፊያቸው። ሥዕል ለማግኘት አራሳክ የሚባል የስፔን አራጎን ክልል ድረ ገጽ አለ። ከአሥር ሺህ በላይ ሥዕል በነፃ ይሰጣል፤ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ አትመሽ ሥሩ በአማርኛ መጻፍ ትችያለሽ። ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለቤታችሁ ዕቃ ግን በስልክሽ ያነሳሽው ፎቶ ይሻላል።

እጁን በተመለከተ መጀመሪያ አቀማመጡን እዪ። አንቺ በአንድ እግርሽ ቆመሽ መርፌ ላይ ክር አስገቢ ብትባዪ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ወገቡ ያልተደገፈ ልጅም እንዲሁ ነው። እግሩ የሚያርፍበት ነገር ያግኝ። ጎንና ጎኑን በትራስ ደግፊው። ሰሌዳው ከፊቱ ዘንበል ብሎ ይቁም። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትመጪ የአካል ተሃድሶ ማዕከሉን ስለ ወንበር ጠይቂ፤ አስቀድመሽ ግን ደውዪ።

ስትመጪ ጆሮውንም አስመርምሪ። ይህን አደራ የምልሽ ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ነበር ስላልሽኝ ነው። የበረታ የሕፃናት ቢጫ በሽታ ሰውነት የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የመስማት መንገዱንም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። የባጃጅ ድምፅ የሚሰማ ልጅ «ሰ» እና «ሸ»ን ላይለይ ይችላል። የሚሰማውን በትክክል ካላወቅን ግማሹን ሥራ በጭፍን ነው የምንሠራው።

እጁ የሚደክምበት ቀንም አለ። ያን ቀን አንቺ ጣትሽን በካሬዎቹ ላይ ቀስ እያደረግሽ እየጠራሽ እለፊ፤ የፈለገው ጋ ስትደርሺ «አዎ» ይበልሽ። በምን? በቅንድቡ። እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ልጅሽ ይህን ሰባት ዓመት ሲያየው ኖሯል። እስቲ ልብ ብለሽ እዪው፤ ምናልባት እያደረገው ነው። ስቲቨን ሆኪንግ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ጉሮሮው ላይ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ድምፁን አጣ። ኮምፒውተሩ እስኪመጣለት ያወራ የነበረው በካርቶን ነው። ፊደል የተጻፈበት ካርቶን። ሰው ፊደሎቹን ሲጠቁም እሱ ቅንድቡን ያነሳ ነበር።

ታብሌቱን እህትሽ ትላክ። ጥሩ ነው። ጊዜ ግን አታባክኚ። ታብሌት ለማግኘት መጠበቅ ማለት ልጁን ሌላ ስድስት ወር ዝም ማሰኘት ነው። ሲመጣም ወረቀቱ አይጣል። መብራት ሲጠፋ፣ ቻርጅ ሲያልቅ፣ ገላውን ስታጥቢው የሚያገለግለው ወረቀቱ ነው። ታብሌቱ ላይ ደግሞ የራሳችሁን ድምፅ የምትቀዱበት አፕሊኬሽን ምረጡ። ድምፁን የሚቀዳለት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ይሁን፤ የአጎቱ ልጅ ቢሆን ደስ ይላል። ልጅሽ በሴት ድምፅ፣ በእናቱ ድምፅ ማውራት አይፈልግም።

የባለቤትሽ ሥራ ይህ ነው። ማታ ሲገባ፣ ባጃጁን አጥፍቶ ሲቀመጥ፣ የቀኑን ወሬ በሰሌዳው ያውራለት። ማንን ጫነ? የት ሄደ? ምን አስቂኝ ነገር አየ? ሦስት ቃል ይንካ፣ ይበቃል። ከልጁ ምንም አይጠይቅ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይመዝገብ። «አይናገርም» ተብሎ ቢመለስ አትቀበዪ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት «መግባባት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም አጋዥና አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን ጨምሮ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ሰሌዳውን ይዘሽ ግቢ፤ አስተማሪዋ ስታየው ብዙ ነገር ይቀላታል።

አሁን አያቱን የሚያሳምንልሽን ነገር ልንገርሽ። ሰፈራችሁ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው ማን ነው? ልጅ ነው። ልጅሽ እስከ ዛሬ አልተላከም። በመጪው እሑድ ጀበናው ከመውጣቱ በፊት የአጎቱ ልጅ «ቡና ጠጡ ተባላችሁ!» ብሎ ስልክሽ ላይ ይቅዳ። ልጅሽን ታቅፈሽ ወይም በጋሪ ገፍተሽ ጎረቤት በር ላይ አድርሺው። አንቺ ዝም በዪ። ስልኩን እጁ ሥር አድርጊለትና ራሱ ይጫነው። ጎረቤቶቹ «መጣን፣ አንተ ነህ እንዴ የጠራኸን?» ብለው ሲወጡ ፊቱን እዪው። አቦሉን ሲጠጡ አማትሽ አጠገብ ተቀመጪ።

ሰሌዳው ላይ «እምቢ» ያለሽን ቀን ጻፊልኝ። ምን ስትሰጪው እንዳለሽ ጭምር።